ከተኩስ በፊት አለመተኮስ

እኛ የኳስ ሰዎች ከጠመንጃ የተዋስነው ቃል ብዙ ነው። አጥቂውን «አልሞ ተኳሽ» እንለዋለን። በረኛውን ያስጨነቀውን ምት «ኢላማውን የጠበቀ»፣ ደጋፊ መሀል የገባውን ደግሞ «ኢላማውን የሳተ» እያልን በየሳምንቱ እንጽፋለን፣ እናወራለን። ከተዋስን አይቀር ዛሬ እስቲ ወደ ቃሉ ባለቤቶች ሰፈር ጎራ እንበል። ወታደር ላልሆነ ሰው፣ ለተማሪ፣ ለነጋዴ፣ ለቤት እመቤት የጠመንጃ አተኳኮስ የሚያስተምሩ አሰልጣኞች ምን እንደሚሠሩ እንይ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ጥሩ የተኩስ አሰልጣኝ የሚለካው ስንቱ ተማሪው ኢላማ መታ በሚለው አይደለም። መተኮስ በማይገባቸው ሰዓት ተማሪዎቹ ጣታቸውን የት ያስቀምጣሉ በሚለው ነው።

ማቲው ኤመንስ የሚባለውን አሜሪካዊ ውሰዱ። በአላስካ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ የተኩስ ቡድን ውስጥ ያደገ፣ የኮሌጅ ስፖርት ያፈራው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በ50 ሜትር ጠመንጃ፣ ተኝቶ፣ ተንበርክኮና ቆሞ በሚተኮስበት ውድድር እየመራ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሰ። ጥይቷ ኢላማ መታለች፤ ችግሩ ኢላማው የጎረቤቱ ነበር። ዜሮ ተሰጠውና ከወርቅ ወደ ስምንተኛ ወረደ። በ2008 ቤጂንግ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ድርብ ወርቅ ባጠለቁበት ኦሎምፒክ፣ ይኸው ሰው በዚያው ውድድር በሰፊ ልዩነት እየመራ እንደገና የመጨረሻዋ ጥይት ላይ ደረሰ። ጠመንጃውን ወደ ኢላማው መሀል ገና እያወረደ ሳለ ጣቱ ቀድማ ቃታውን ነካች። 4.4 ነጥብ! አራተኛ ደረጃ! በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ ጆን ቴሪ ሞስኮ ላይ አንሸራቶት ዋንጫ አመለጠው ብለን ስንት ዓመት አወራን፤ የኤመንስን ግን ስንቶቻችን ሰማን?

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ማነጣጠር አይችልም የሚል የለም። በ2004 በሌላው የጠመንጃ ውድድር ወርቅ ወስዷል፤ በ2012 ለንደን ላይም በዚያው ሁለቴ ባቃጠለው ውድድር ነሐስ አግኝቷል። ሁለት ጊዜ የጣለው ዓይኑ ሳይሆን ትዕግሥቱና ጣቱ ነው። የጠመንጃ መምህራን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ስለ ጣት የሚጨቀጭቁት ወደው አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ በ2006 የተጀመረ «አፕልሲድ» የሚባል ፕሮግራም አለ። አሰልጣኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ይሰጣል። አባት ከልጁ ጋር፣ ባል ከሚስቱ ጋር ጎን ለጎን ይማራል። ማንም ጥይት ከመንካቱ በፊት አራት ሕጎች ይነገራሉ። አፈሙዙ ምንጊዜም አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ ይዙር። ትእዛዝ ሳይሰጥ ጥይት አይጎረስም። ማነጣጠሪያው ኢላማው ላይ ሳያርፍ ጣት ወደ ቃታ አይገባም። አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ አጠገብህ ያለው ሰው ሕጉን መጠበቁን አንተም ተቆጣጠር።

በተኩስ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ የሚያስቀና ነገር አለ። በእኛ ስፖርት ፊሽካው ያለው ዳኛው አፍ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ግን አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ቢሆን፣ «ተኩስ አቁም!» ብሎ መጮህ ይችላል። ያን ጊዜ ሁሉም ያቆማል። ለምን ጮህክ ተብሎ የሚቆጣው የለም። ትንሹ ተማሪ ትልቁን ሰው የማስቆም መብት ያለው እንዲህ ያለ ክፍል ሌላ የት ይገኛል?

ወደ ተኩሱ ሲገባም ጥድፊያ የለም። ተማሪው መጀመሪያ ሰውነቱን ያመቻቻል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ይገልጣል። ማነጣጠሪያው ከኢላማው ከራቀ ክንዱን እንዲታገል አይፈቀድለትም፤ ሰውነቱን ሁሉ አዙሮ እንደገና ይጀምራል። ቀጥሎ ትንፋሽ መያዝ፣ ዓይንን የፊት ማነጣጠሪያው ላይ መትከል፣ ቃታውን ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ከተተኮሰ በኋላም ቶሎ አለመነቃነቅ ይመጣል።

አንድ ደስ የሚል ዘዴም አላቸው። መምህሩ ከተማሪው ደብቆ ጠመንጃውን አንዴ በጥይት፣ አንዴ በባዶው ያዘጋጅለታል። ተማሪው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ባዶው ሲደርሰው ድምፅ የለም፣ ምት የለም፤ ነገር ግን ትከሻው ይዘላል፣ አፈሙዙ ይወርዳል። በቃ፣ ፍርሃቱ ተጋለጠ! ኢላማ ያሳተው ጠመንጃው እንዳልሆነ ራሱ ያያል። ወረቀቱም ይናገራል። ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች ከተደረደሩ መምህሩ «ትንፋሽህን አስተካክል» ይለዋል። በመጨረሻ ፈተና አለ፦ 40 ጥይት፣ 250 ነጥብ፣ ማለፊያው 210። የኛን የሰፈር አሰልጣኝ አስቡት እንግዲህ። ከመስመር ውጪ ቆሞ «ምታ! ምታ እንጂ!» እያለ ሲጮህ ይውላል። ልጁ ለምን እንደሳተ የሚነግረው ግን የለም።

ስዊዘርላንዶች ነገሩን የአገር ጉዳይ አድርገውታል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶች የሠራዊቱን ጠመንጃ በውሰት ይዘው በየአካባቢያቸው ክለብ ኮርስ ይወስዳሉ። በየዓመቱ በሚደረገው ሕዝባዊ የተኩስ በዓላቸው ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይሳተፋል። ዙሪክ ላይ ለታዳጊዎች የሚደረገው ጥንታዊ የተኩስ ውድድር ከ1991 ወዲህ ለሴቶች ልጆችም ተከፍቷል። ፍሬውም ታየ፦ በ50 ሜትር ጠመንጃ በሦስት አቋቋም ኒና ክሪስተን በ2021 ቶኪዮ፣ ኪያራ ሊዮን በ2024 ፓሪስ ወርቅ ወሰዱ። የሚያስቀው፣ የዚህች የአልሞ ተኳሾች አገር የእግር ኳስ ቡድን በ2006 የጀርመን ዓለም ዋንጫ አንድም ጎል ሳይቆጠርበት በዩክሬን በመለያ ምት ተሰናበተ። የመታቸውን ሦስቱንም ቅጣት ምት ሳተ! ኢላማ መምታት ከእጅ ወደ እግር አይተላለፍም መሰለኝ።

አሁን ወደ መራራው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሁሉ ትምህርት አሜሪካን ከእልቂት አዳናት ወይ? አላዳናትም። በ2012 ኮኔቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ በሚባል ትምህርት ቤት አንድ ወጣት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ገደለ። ቀድሞ የገደለው እናቱን ነበር። እናትየዋ ደግሞ ልጇን ወደ ተኩስ ሜዳ ትወስደው የነበረች ሴት ናት። «ማስተማር መፍትሔ ነው» የሚል ሰው ይህን ሳይመልስ ማለፍ የለበትም። እጅን ማስተማር ልብን ማስተማር አይደለም።

የእኔ መልስ ይኸው ነው። ኮርስ ብቻውን ሕግን፣ የተቆለፈ ሣጥንን፣ ልጁን የሚያውቅ ቤተሰብን አይተካም። ስለዚህ የተኩስ አሰልጣኝ ከሁሉ በፊት በረኛ መሆን አለበት። ያልሰከነውን፣ የተቆጣውን፣ ሕጉን እንደ ቀልድ የያዘውን ተማሪ «ወንድሜ፣ አንተ ዛሬ አትተኩስም» ብሎ ከመስመሩ የማስወጣት ሥልጣንም ድፍረትም ያስፈልገዋል። ክፍያ ቀረብኝ፣ ተማሪ አነሰኝ ብሎ ዝም የሚል አሰልጣኝ መምህር ሳይሆን የጥይት ነጋዴ ነው።

እኛስ? በእኛ አገር ጠመንጃ ምንሽርም ይሁን ክላሽ በስፖርት ዕቃነት አይታወቅም። ክብር ነው፣ ጌጥ ነው፣ ሐዘንም ነው። በየገጠሩ ሰርግ ላይ ለደስታ ወደ ሰማይ ሲተኮስ እናጨበጭባለን። ወደ ላይ የወጣች ጥይት ግን መውረዷ አይቀርም፤ የማን ራስ ላይ እንደምታርፍ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ሕግ እዚያው ተሰበረ። ተኳሹን ደግሞ ጎበዝ እንለዋለን እንጂ «ተኩስ አቁም!» የሚለው ሰው የለም።

ሕንድ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ የመጀመሪያውን የግል የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው በሩጫ ወይም በትግል አልነበረም። በ2008 አቢናቭ ቢንድራ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ነው ያመጣላት። ነገ በከተማችን አንድ ክለብ «ለወጣቶች የአየር ጠመንጃ ላስተምር» ብሎ ቢነሳ እኔ አልቃወምም። ግን ልጄን ከማስመዝገቤ በፊት አሰልጣኙን ስንት ሜዳሊያ እንዳለው አልጠይቀውም። «ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ከመስመር አስወጣህ?» ነው የምለው። «ማንንም» ካለኝ፣ ልጄን ይዤ ወደ ኳስ ሜዳ እሄዳለሁ።