«ፎር ዊል» ስንል ምን ማለታችን ነው? የወላይታ ጭቃና የዲፈረንሻል ፊዚክስ

ከሶዶ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኪንዶ ኮይሻ ወይም ወደ ኦፋ የገጠር ቀበሌዎች የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የወላይታ ቀይ የሸክላ አፈር የክረምት ዝናብ ሲጠግብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚህ መንገድ ላይ ምጥ የያዛትን እናት የጫነ አምቡላንስ ቆሞ ቢቀር፣ ጉዳዩ የመኪና መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ይሆናል። በመሆኑም ለገጠር አገልግሎት ተሽከርካሪ ሲመረጥ «ፎር ዊል ነው» በሚለው ስያሜ ብቻ መርካት አይገባም የሚል እምነት አለኝ።

መኪናን ወደፊት የሚገፋው በጎማና በመሬት መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን፣ መሬቱ ከሚሰጠው የሰበቃ መጠን በላይ ሊገፋ አይችልም። የኃይል ማስተላለፊያው ሥራ ይህንን ውስን ሰበቃ ከአራቱም ጎማዎች አሟጦ መጠቀም ነው፤ የሥርዓቶቹ ልዩነትም እዚህ ላይ ይገለጣል።

መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው ዲፈረንሻል ነው። ይሁን እንጂ ተራው ዲፈረንሻል የማዞር ኃይልን (ቶርክን) ምንጊዜም ለሁለቱ እኩል ያካፍላል። አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ከተንሸራተተ፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ጓደኛውም ከዚያ የበለጠ አይደርሰውም።

በአኃዝ እንየው። ክብደቱ 24,000 ኒውተን የሆነ (2,400 ኪሎ ግራም ገደማ) መኪና በየ100 ሜትሩ ጉዞ 14 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ለመውጣት 3,360 ኒውተን ያስፈልገዋል። ስሌቱን ለማቅለል ጭነቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ተከፋፍሏል፣ የመንገዱም የሰበቃ መጠነ ቁጥር 0.2 ነው እንበል። የኋላ ጎማዎች ብቻ ቢነዱ የሚገኘው 2,400 ኒውተን ስለሆነ መኪናው አይወጣም። አራቱም ቢነዱ 4,800 ይገኛልና ይወጣል። አሁን አንዱ የኋላ ጎማ መጠነ ቁጥሩ 0.05 የሆነ አረንቋ ረገጠ እንበል። ተራ ዲፈረንሻል ያለው «ፎር ዊል» ከፊት 2,400፣ ከኋላ 600፣ በድምሩ 3,000 ኒውተን ብቻ አግኝቶ ይቆማል። የኋላው ዲፈረንሻል ቢቆለፍ ግን ከኋላ 1,500 ስለሚገኝ ድምሩ 3,900 ይሆናል፤ ዳገቱም ይወጣል።

ከመቆለፊያው ሌላ አማራጮች አሉ። ቶርሰን የተባለው ዲፈረንሻል በማርሾቹ ቅርጽ አማካይነት ለተሻለው ጎማ ብዙ እጥፍ ይሰጣል፤ ሆኖም አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ዜሮ በስንትም ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። ኤሌክትሮኒካዊው ዘዴ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዛል፤ ከሾፌሩ ልዩ ችሎታ አይጠይቅም፣ መሪንም አያከብድም። ነገር ግን ሥራውን የሚጀምረው ጎማው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ረጅም ጭቃ ላይም ፍሬኑን ያግላል።

መቆለፊያም እንከን አያጣም። ደረቅ መንገድ ላይ ተቆልፎ ሲቀር መታጠፍን ያስቸግራል፣ አክስልንም ይጎዳል። እንደዚሁም መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌላቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ በርካታ የላንድክሩዘር 70 ሞዴሎች፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው ዓይነት አስፋልት ላይ በሁለት ጎማ ብቻ መነዳት አለባቸው። መቆለፊያ የሚጠቅመው መቼ ማስገባትና መቼ ማውጣት እንዳለበት በሚያውቅ ሾፌር እጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለገጠር አምቡላንስ የሚዘጋጅ የግዥ ዝርዝር የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያንና የጭቃ ጎማን በግልጽ ይጥቀስ፤ መቆለፊያው በላንድክሩዘር 70 ላይ በአማራጭነት የሚቀርብ እንጂ ብርቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሾፌሮች ክረምት ከመግባቱ በፊት በአካባቢያቸው ጭቃ ላይ የተግባር ሥልጠና ያግኙ። ለዚህ ሥልጠና የሚሆን ዕውቀትና አስተማሪ ሶዶ ውስጥ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አለ። ፊዚክስን ከጥቁር ሰሌዳው አውርደን ወደ ጭቃው ብንወስደው፣ ሆስፒታል በሰዓቱ የምትደርስ እናት ትኖራለች።