የመንገድ መብራት ሲለወጥ ለነዋሪው ምን ሊነገረው ይገባል?

በአቡ ዳቢ ኢሚሬት የቆዩ የመንገድ መብራቶችን ኃይል ቆጣቢ በሆኑ የኤልኢዲ መብራቶች የመተካቱ ሥራ በመንግሥትና በግሉ ዘርፍ አጋርነት ከሚከናወኑት ዐበይት ፕሮጀክቶች አንዱ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ ወደ 133,000 የሚጠጉ መብራቶችን ያካትታል። የኃይል ፍጆታን በ76 በመቶ ገደማ በመቀነስ በ12 ዓመቱ የውል ዘመን ወደ 2.4 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ እንዲያድን ታቅዷል።

ሥራው ከሰፊው የአየር ንብረት ግብ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኢሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የ2050 የተጣራ ዜሮ ልቀት ዕቅዷን ይፋ አድርጋለች። በ2023 በዱባይ በተካሄደው 28ኛው የአየር ንብረት ጉባኤም አገራት የኃይል አጠቃቀም ብቃት የሚሻሻልበትን ዓመታዊ ፍጥነት እስከ 2030 በዓለም አቀፍ ደረጃ በእጥፍ ለማሳደግ ተስማምተዋል። የመንገድ መብራት ለዚህ ግብ ምቹ መነሻ ነው። ባለቤቱ በአብዛኛው አንድ ተቋም ነው፤ በዓመት ወደ 4,000 ሰዓታት ይበራል፤ ቁጠባውም በቆጣሪ ይለካል።

ይሁንና የመንገድ መብራት ከቤት መብራት የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። በቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው በነዋሪው እጅ ነው፤ «አላስፈላጊ መብራት አጥፉ» የሚለው መልእክት ትርጉም የሚኖረውም ለዚህ ነው። የመንገዱን መብራት ግን የሚለውጠው ተቋራጩ፣ የሚያበራውና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ነው። ታዲያ ስለ መንገድ መብራት የሚካሄድ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ ነዋሪውን ምን እንዲያደርግ ይጠይቀዋል? ይህ ጥያቄ አስቀድሞ ካልተመለሰ ዘመቻው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚሰቀል ያማረ ሥዕል አያልፍም።

ከሌሎች ከተሞች የተገኘ ትምህርት

ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ ወደ 140,000 የሚጠጉ የመንገድ መብራቶችን በኤልኢዲ ተክታ፣ ለእነርሱ የምታውለውን ኃይል ከ60 በመቶ በላይ ቀንሳለች። የከተማዋ ተሞክሮ በብዙ አገሮች እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

በዚያው በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘው ዴቪስ የተባለች አነስተኛ ከተማ ግን ሌላ ነገር ገጥሟታል። በ2014 የተተከሉት አዳዲስ መብራቶች ዓይን የሚወጉና ወደ መኝታ ቤት የሚዘልቁ ናቸው በማለት ነዋሪዎች ቅሬታ አሰሙ። ከተማዋም ወደ 650 የሚሆኑትን ለስላሳ ብርሃን ባላቸው ሌሎች ለመተካት ወደ 350,000 ዶላር ለማውጣት ተገደደች። ቴክኖሎጂው በሁለቱም ቦታ አንድ ነበር። የዴቪስ ነዋሪዎች የተቃወሙት ቁጠባውን ሳይሆን የብርሃኑን ዓይነት ነው፤ ይህም መብራቶቹ ከመተከላቸው በፊት በጥቂት ጎዳናዎች ላይ ተሞክሮ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የቀድሞው ብርቱካናማ የሶዲየም መብራት ወደ 2,000 ኬልቪን ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ብርሃኑ ወደ ነጭ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ያደላል። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በ2016 ባወጣው ምክር የመንገድ መብራት ከ3,000 ኬልቪን ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል፤ ሰማያዊነቱ የበዛ ብርሃን የእንቅልፍ ሥርዓትን ሊያውክ ስለሚችል ነው። ለነዋሪው የቁጠባውን አኃዝ ብቻ ነግሮ ስለ ብርሃኑ ዓይነት ዝም የሚል ዘመቻ ግማሹን ጉዳይ አስቀርቷል ማለት ነው።

ስለ ደኅንነት እውነቱን መናገር

ኤልኢዲ ካመጣቸው ጥቅሞች አንዱ የብርሃኑን መጠን እንደ ሰዓቱ መቆጣጠር መቻሉ ነው። መንገዱ ጭር በሚልበት ሰዓት ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ተጨማሪ ኃይል ያድናል። በሌሊት ፈረቃ ከሥራ ወጥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ በእግሯ የምትሄድ የጽዳት ሠራተኛ ግን ይህን የምታየው በቁጠባ ዓይን አይደለም። ለእርሷ ዋናው ጥያቄ መንገዱ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም የሚለው ነው።

የጥናት ውጤቶች ለዚህ ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ አይሰጡም። በእንግሊዝና በዌልስ በ62 የአካባቢ አስተዳደሮች ላይ ተመሥርቶ በ2015 የታተመ ጥናት፣ መብራት መቀነስ የትራፊክ አደጋን ወይም ወንጀልን እንደጨመረ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በአንጻሩ በኒውዮርክ ከተማ በመንግሥት የመኖሪያ ሕንፃዎች ዙሪያ በተደረገ ሙከራ፣ ጠንካራ መብራት መጨመሩ ከቤት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ የሌሊት ወንጀሎችን በ36 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሁለቱ ጥናቶች የግድ አይጋጩም፤ አንዱ በነበረ መብራት ላይ ስለተደረገ ቅነሳ፣ ሌላው ወንጀል በበዛበት ስፍራ ስለተጨመረ ብርሃን የሚናገሩ ናቸው። መደምደሚያውም ግልጽ ነው፤ የብርሃን መጠን እንደ ቦታው ይወሰናል። ስለዚህ ዘመቻው «ምንም አይለወጥም» ብሎ ከማባበል ይልቅ የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚቀነስ መግለጽና ነዋሪው ሥጋቱን የሚያሰማበትን መንገድ ማሳየት ይኖርበታል።

በማን ቋንቋ፣ በየት በኩል?

በኢሚሬቶች ከነዋሪው አብላጫው ከውጭ የመጣ ነው። ሌሊት መንገዱን በእግሩ የሚጠቀመው ደግሞ በአመዛኙ መኪና የሌለው ሠራተኛ ነው። በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የሚተላለፍ መልእክት ስለ መንገዱ ይበልጥ የሚያውቁትን ሰዎች ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ኡርዱ፣ ሂንዲ፣ ቤንጋሊና አማርኛ በዘመቻው ውስጥ ቦታ የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ትርጉሙም ጥንቃቄ ይሻል። በዐረብኛ «ተዕቲም» የሚለው ቃል ማጨለምን ያመለክታል፤ በአማርኛም «መብራቱ ደብዝዟል» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ብልሽት መኖሩን ነው። ብርሃኑ ሆን ተብሎ እንደሚቀነስ ለማስረዳት «ብርሃኑ እንደ ሰዓቱ ይመጠናል» ማለት የተሻለ ነው። ይህ ልዩነት ሲታይ ቀላል ቢመስልም፣ ሰዎች ታቅዶ የተደረገን ለውጥ እንደ ብልሽት እንዳይቆጥሩት ያግዛል።

አኃዞችም መተርጎም አለባቸው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ 2.4 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት የሚለው ቁጥር ብቻውን ለአእምሮ አይጨበጥም። ለ133,000 መብራቶችና ለ12 ዓመታት ሲካፈል ግን አንድ መብራት በዓመት ወደ 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ያድናል። ይህም ባለ 10 ዋት የቤት አምፖልን በየምሽቱ ለአምስት ሰዓት ከ80 ዓመት በላይ ሊያበራ የሚችል ኃይል ነው። እንዲህ ያለ ንጽጽር በሠራተኞች መኖሪያ፣ በአውቶቡስ ውስጥና በስልክ በሚላክ አጭር መልእክት በቀላሉ ይደርሳል።

ነዋሪው እንዲያደርግ የሚጠየቀው ነገርም እዚህ ላይ ይገለጻል። አንደኛው የጠፋ፣ የሚርገበገብ ወይም ቀን የሚበራ መብራት ሲያይ ማሳወቅ ነው። የአቡ ዳቢ ነዋሪዎች «ታም» በተባለው የመንግሥት አገልግሎት መድረክ፣ የዱባይ ነዋሪዎች ደግሞ በመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን በኩል ይህን ማድረግ ይችላሉ። ሁለተኛው ብርሃን ያነሰበትን ወይም ያለአግባብ የበዛበትን ቦታ መጠቆም ነው። በባሕረ ሰላጤው አቧራ፣ እርጥበትና ሙቀት የኤልኢዲ መብራቶች የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ከታቀደለት ዕድሜ በፊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ የነዋሪው ጥቆማ ለጥገናው ሥራ እውነተኛ ዋጋ አለው።

ውጤቱ በምን ይለካል?

ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓረብ ከተሞች ቀዳሚ ሆና የተቀላቀለችው «የምድር ሰዓት» መብራት በማጥፋት ሰዎችን ለማንቃት ያለው ኃይል የሚካድ አይደለም። ነገር ግን የእርሱ ዓላማ ለአንድ ሰዓት ትኩረት መሳብ ሲሆን፣ የመንገድ መብራት ዘመቻ ዓመታትን የሚዘልቅ ነው። ስለዚህ መብራቱ ከመለወጡ በፊት፣ በሚለወጥበት ጊዜና ከተለወጠ በኋላ ሊካሄድ ይገባዋል። ስኬቱም በተሰራጨው በራሪ ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ ነዋሪዎች ባቀረቧቸው ጥቆማዎች፣ ጥቆማው እስኪስተካከል በወሰደው ጊዜና ከለውጡ በፊትና በኋላ ስለ ደኅንነት በሰጡት አስተያየት ቢመዘን ይሻላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በ2017 የታተመ የሳተላይት ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ2012 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት በሰው ሠራሽ ብርሃን የተሸፈነው የምድር ገጽ በየዓመቱ በ2.2 በመቶ ጨምሯል። ብርሃን ሲረክስ ተጨማሪ ብርሃን መትከል ይቀልላል፤ በዚያም የተገኘው ቁጠባ መልሶ ሊባክን ይችላል። ለነዋሪው «አዲሱ መብራት ይቆጥባል» ከማለት ጎን ለጎን «በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በሚያስፈልገው መጠን» የሚለውን መርሕ ማስተማር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማት ሥራዋ በርካታ መንገዶቿን በአዳዲስ መብራቶች አብርታለች፤ ስለ ብርሃን ዓይነት፣ ስለ ጥገናና ስለ ነዋሪው ድርሻ የሚነሡት ጥያቄዎችም ተመሳሳይ ናቸው። በአቡ ዳቢና በዱባይ ጎዳናዎች የተሰበሰበ ልምድ በቋንቋቸው የደረሳቸው ሠራተኞች፣ የተበላሸ መብራት የማሳወቅን ልማድም ሆነ የመጠየቅን መብት ወደ አገር ቤት ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።