ልምዱስ የት ገባ?

በስፖርታችን መንደር እንደ «ልምድ ለመቅሰም» ያለ ሁሉን የሚሸፍን ጋቢ አላየሁም። ቡድን ሲሸኝ «ልምድ ለመቅሰም» ይባላል፤ ተሸንፎ ሲመለስም «ልምድ ቀስሞ ተመለሰ» ይባላል። ለመሆኑ መቅሰም የማን ሥራ ነው? የንብ አይደለምን? ንብ ከአበባ ቀስማ ተመልሳ ቀፎው ሲከፈት ማር ይገኝበታል። የእኛ ተጓዦች ቀፎ ቢከፈት ግን ከውሎ አበል ማወራረጃ ሌላ ምን ይገኝበት ይሆን?

ጥያቄዬ በተለይ የኮሌጅ ቡድኖችን ይመለከታል። ሌላው ስፖርተኛ ለዓመታት ይወዳደራል፤ ልምዱም በራሱ እግር ውስጥ ይቀመጣል። ማሞ ወልዴን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ከተማ ማራቶንን ያሸነፈው ያው ማሞ ነው። ያ ሽንፈት ልምድ ሆነ ብንል ያምርብናል፤ የተሸነፈው ሰው ራሱ ተመልሶ ሮጧልና። የኮሌጅ ተማሪ ግን በሦስትና በአራት ዓመት ተመርቆ ይሄዳል። ያየውን ጽፎ ካላስቀመጠ ልምዱም አብሮት ካባ ለብሶ ከግቢ ይወጣል።

እኔ ራሴ በተማሪነቴ ለኮሌጃችን መረብ ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ወደ አንድ ጎረቤት አገርም ለውድድር ተጉዣለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ በሽታው የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። የተጓዦች ስም ዝርዝር ሲወጣ አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ተሰረዘ፤ ወጌሻውም ተሰረዘ። ቦታቸውን የያዙት አንድ ዙር በስንት ነጥብ እንደሚያልቅ የማያውቁ ሁለት የቢሮ ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው ጨዋታ የጓደኛችን ቁርጭምጭሚት ሲዞር በረዶ ይዞ የሮጠው የተጋጣሚያችን ወጌሻ ነው። የእኛዎቹ ኃላፊዎች በዚያ ሰዓት ገበያ ነበሩ።

ሆኖም ያየነው ነገር ነበር። በተጋጣሚያችን ተቀያሪዎች ወንበር ጫፍ ላይ አንዲት ተማሪ ደብተር ዘርግታ ተቀምጣለች። እያንዳንዱ ሰርቪስ የት እንዳረፈ፣ ማን ተቀብሎ ማን እንደሳተው ትመዘግባለች። አሠልጣኙ በየዕረፍቱ የሚያየው የእሷን ደብተር ነው። ጥቂት ቆይቶ ኳሱ ሁሉ በደካማው ተቀባያችን ላይ ይወርድ ጀመር። ልምድ ማለት ይህ አልነበረምን? ወደ ግቢያችን ስንመለስ ለስላሳ ተከፈተ፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። «ምን አይታችሁ መጣችሁ?» ብሎ የጠየቀን ግን አንድም ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ ቡድን ከዜሮ ጀመረ።

የሌላው ዓለም ጉዞ እንከን የለበትም አልልም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 የአሜሪካው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ቤጂንግ ገብቶ ነበር። በዚያ ሰሞን ቻይናን ይጎበኙ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን አንዱን ግጥሚያ ተመለከቱለት። በማግሥቱ ባዪ ከተባለው የቻይና ሠራዊት ቡድን ጋር 64 ለ64 እኩል ሳሉ ወዳጅነቱ በቡጢ ተለወጠ፤ ወንበር ተወረወረ፤ ከተመልካቹም ጠርሙስ ዘነበ፤ ጨዋታው ተቋረጠ። ነገሩ ግን «ልምድ ቀሰምን» ተብሎ አልታለፈም። አሠልጣኙ ጆን ቶምሰን ሳልሳዊ በመግለጫ ማዘናቸውን ተናገሩ፤ በማግሥቱ የሁለቱ ቡድን ሰዎች በአውሮፕላን ማረፊያ ተገናኝተው ማስታወሻ ተለዋወጡ፤ ጉዞውም ሳይሰረዝ ሻንጋይ ላይ ተጫወቱ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ኮሌጆች ደንብ አንድ ቡድን እንዲህ ያለ የውጭ ጉዞ የሚፈቀድለት በአራት ዓመት አንዴ ነበር፤ ከመነሣቱ በፊትም ዐሥር ቀን ልምምድ ይሰጠዋል። አራት ዓመት የአንድ ተማሪ የኮሌጅ ዕድሜ ነው። ዕድሉ አንዴ ብቻ ከሆነ ዝግጅት ሊቀድመው የግድ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን እኛ ተረትነው፤ የሠሩበት ግን እነሱ ናቸው።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» የሚለኝ አይጠፋም። ደብተርና እርሳስ ስንት ብር ያወጣል? ወጌሻውን አስቀርቶ የቢሮ ሰው መጫንስ ከድህነት የመጣ ነው? ድሃ አገር ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ወንበር ይበልጥ መሳሳት አልነበረበትምን? «ተማሪ ይማር እንጂ ኳስ ይዞ አገር ላገር ለምን ይዞራል?» ከሚሉትም ጋር አልስማማም። መሸነፍም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በየትምህርቱ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ በዚህ በውድ በተከፈለበት ትምህርት ብቻ ሳይፈተን ማለፉ ነው።

ስለዚህ ለኮሌጆቻችን የምለው አጭር ነው። ወንበሩ አስቀድሞ ለተጫዋቹ፣ ለአሠልጣኙና ለወጌሻው ይያዝ፤ የተረፈው ለአጃቢ ይሁን። ቡድኑ በተመለሰ በአንድ ወር ውስጥ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በተማሪው ፊት ቆመው ያዩትን ይናገሩ፤ ይጠየቁ። የተናገሩትም ተጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት ቡድን በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ከእንግዲህ «ልምድ ቀስመን መጣን» የሚል ቡድን መሪ ሲያጋጥመን አናጨብጭብ። «የት አስቀመጣችሁት?» ብለን እንጠይቀው።