መስኮትዎ ወደየት ያያል?

መንገድ ዳር ችግኝና አበባ ከሚሸጡ ወጣቶች ዘንድ ጥቂት ቆሞ ያዳመጠ ሰው ገዢዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ያውቀዋል፦ «ውሃ በስንት ቀኑ ነው?» ሻጩም «በሳምንት ሁለቴ ይበቃዋል፣ እናት» ይላል። ከዚያ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ተክሉ ታክሲ ላይ ይጫናል፣ ሳሎን ይገባና ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። የት እንደሚቀመጥ ገዢዋም አልጠየቀች፣ ሻጩም አልነገራት። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይኼ ነው እላለሁ፤ የውሃውን ልክ የሚወስነው ብርሃኑ ነውና።

ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። ቅጠሉ ላይ ባረፈው ብርሃን ጉልበት፣ ከውሃና ከአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ብርሃኑ ሲያንሰው ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ከአፈሩ የሚስበው ውሃም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሳምንት ሁለቴ የተባለው ውሃ ግን አይቀርም። የፊተኛው ሳይደርቅ ሌላ ይጨመራል፣ አፈሩ ውስጥ የነበረው አየር ቦታውን ለውሃ ይለቃል፣ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። የቤቱ እመቤት ደግሞ ጠማው ብላ አዝና ትጨምርለታለች። ብዙ ተክል የሚሞተው እንዲህ ነው፤ በቸልታ ሳይሆን በደግነት።

በዚህ ነገር ዓይናችን ጥሩ ምስክር አይደለም። ከደማቁም ከደብዛዛውም ጋር ራሱን ቶሎ ያስማማልና ልዩነቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየን። ደመና በሌለበት ቀትር ደጅ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ከመስኮት ራቅ ያለ የሳሎን መሃል በዚያው ሰዓት ጥቂት መቶ ሉክስ ቢኖረው ነው። እኛ ሁለቱም ቦታ ጋዜጣ እናነባለን፤ ተክሉ ግን በአንደኛው ይጠግባል፣ በሌላው ይራባል። መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። ቀን ላይ ተክሉ በሚቆምበት ቦታ እጅዎን ከአንድ ነጭ ወረቀት በላይ ይዘርጉ። የጥላው ጠርዝ ጥርት ካለ ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ ጥላው ኖሮ ጠርዙ ከደበዘዘ መካከለኛ ነው፤ ጥላ ጨርሶ ካልታየ ያ ቦታ ለተክል የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ አድርጊው» የሚለው ምክር በኢንተርኔት ቪዲዮዎች ሞልቷል፤ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም በስልክ ይነግሩናል። ለዋሽንግተንም ለስቶክሆልምም ትክክል ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው የተቀመጠችው። በእኛ ከተማ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መገባደጃ፣ ቀጥ ብላ በአናታችን ታልፋለች። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሪዎቹ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር የደቡብ መስኮት ፀሐይ ሲገባለት የሰሜኑ ክፍል ቀጥተኛ ጨረር አያይም። በሰኔ ይገለበጣል፤ ነገር ግን ያኔ ፀሐይዋ ከአናት ብዙ ስለማትርቅ የላይኛው ፎቅ በረንዳ ይጋርዳታል፣ ከዚያም የክረምቱ ደመና አለ። በየትኛውም ወር ወደ ቤት ዘልቆ የሚገባው የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ነው። የምሥራቁ አየሩ ሳይሞቅ ስለሚመጣ ለብዙ ቅጠላማ ተክል ይስማማል፤ የምዕራቡ የቀኑን ሙቀት ይዞ ይመጣልና ስስ መጋረጃ ይፈልጋል።

ሌላም ልዩነት አለ። አውሮፓ ውስጥ ተክል የሚራበው ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት ነው። እኛ ዘንድ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ብርሃን የሚነሳን ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚከርመው ደመና ነው። በእነዚያ ወራት ተክሉን ወደ መስታወቱ ማስጠጋት፣ ውሃውንም መቀነስ ያስፈልጋል። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ጥንቃቄው ይለወጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሩ ስስ፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ክረምቱን በደብዛዛ ብርሃን የከረመ ቅጠል በአንድ ቀን ከሰዓት ፀሐይ ሊቃጠል ይችላል፤ የተቃጠለው ቦታ ደግሞ ዳግመኛ አረንጓዴ አይሆንም። በችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ችግኙ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ጥላውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያጠነክሩታል። ለሳሎን ተክልም ቢሆን አንድ ሁለት ሳምንት በትንሽ በትንሹ ማለማመድ ይበቃል።

ብርሃን መመጠን ለአገራችን ገበሬ እንግዳ እውቀት አይደለም። በከፋና በያዩ ደኖች ቡና ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል። በጌዴኦ ቡናው፣ እንሰቱና ረጃጅሙ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ይኖራሉ፤ ገበሬው የትኛው ዛፍ እንደሚቆም፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመለመል ያስባል። ጥላው ሲበዛ ቡናው ፍሬ ይነሳዋል፣ ሲያንስ ቅጠሉ ይጎዳል። ለዚህም ነው ለኮንዶሚኒየም ቤት ተክል ምረጥ ቢሉኝ አስቀድሜ ቡናን የምጠራው። ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ በተፈጥሮው ከዛፍ ሥር የለመደ ነው፤ ከምሥራቅ መስኮት አጠገብ፣ ወይም ከደቡብ መስኮት ስስ መጋረጃ ጀርባ ይመቸዋል። እንደ ስኔክ ፕላንትና ዚዚ ያሉት ከዚያ ያነሰ ብርሃንም ይችላሉ፤ የሚችሉት ግን እድገታቸውን ገትተው ነውና ውሃቸው በጣም ይቀነስ። ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል የፀሐይ ልጆች ናቸው። ኩሽና ውስጥ ቀጥነው፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ግንዳቸው ተመዝዞ፣ ወደ መስኮቱ ሲያጎነብሱ ካዩ ጣሳቸውን ወደ በረንዳ ያውጡት።

የቤት አሠራራችንና ልማዳችንም መታየት አለባቸው። በየአዲሱ ሕንፃ የሚገጠመው ባለቀለም መስታወት ብርሃኑን ከውጭ ይመልሰዋል። ሳሎኑ እንዳይታይ፣ ሶፋው በፀሐይ እንዳይለቅ እየተባለ ወፍራም መጋረጃ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። የግንባታው አቧራ ደግሞ ቅጠል ላይ ተጋግሮ የቀረውን ብርሃን ይከለክላል፤ እሱን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይቻላል። መጋረጃው ግን ቢያንስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ይከፈት። ለሰውም ይበጃል።

ሻጮችንም አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ገዢዋ ስለ ውሃ ስትጠይቅ «እህቴ፣ መስኮትሽ ወደየት ነው? ጠዋት ነው ፀሐይ የሚገባው ወይስ ከሰዓት?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቋት። ቤቷ የማይሆን ከሆነ ሌላ ተክል አሳዩዋት፤ ጥላ የለመደውንና ፀሐይ የሚወደውንም ለይታችሁ ደርድሩ። ያ ተክል ቤቷ ሲለመልም ያየች ጎረቤት አድራሻችሁን ጠይቃ ትመጣለች።