ጀናዛው ከመታጠቡ በፊት



ጀናዛን ማፋጠን የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ነው። በዚህ የምንከራከርበት ነገር የለም። ጠዋት የሞተ ሰው ከዙህር በኋላ ይሰገድበታል፣ ዐስር ሳይደርስ ይቀበራል። ይሁንና በመፍጠናችን ሟቹን ሳይሆን ገዳዩን የምንጠቅምበት ሞት አለ። በእስር ላይ እያለ የሞተ፣ በጥይት የወደቀ፣ መንገድ ዳር ተጥሎ የተገኘ፣ «በድንገት አረፈ» ተብሎ ብቻ ለቤተሰቡ የተሰጠ ሰው ሞት ማለታችን ነው።

እንዲህ ያለ ጀናዛ ሲመጣ ከመካከላችን አንዱ «መርምሩት» ካለ፣ ሌላው «ሬሳ መቅደድ ሐራም ነው» ብሎ ያስቆመዋል። የሟችን አጥንት መስበርን የሚከለክለው ሐዲሥ የታወቀ ነው፤ የሙታንን ክብር ያስተምረናል። ዑለማዎች ግን ሐዲሡን ሳይዘነጉ ነው መልስ የሰጡት። የመካው የዓለም ሙስሊም ሊግ (ራቢጣ) የፊቅህ ጉባኤ በ1408 ዓመተ ሂጅራ (በ1987 እ.ኤ.አ) ባደረገው 10ኛ ስብሰባ፣ ወንጀል ሲጠረጠርና የሞቱን ምክንያት በሌላ መንገድ ማወቅ ሳይቻል ሲቀር የአስከሬን ምርመራን ፈቅዷል። ገደብም አበጅቷል፦ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይነካ፣ የሴትን ጀናዛ ሴት ሐኪም ካልታጣች በቀር ወንድ እንዳይመረምር፣ የተወሰደው የአካል ክፍል ሁሉ እንዲቀበር።

የቁርኣን ረጅሙ ሱራ ስሙን ከየት እንዳገኘ በመድረሳ ለልጆቻችን እናስተምራለን። አንድ ሰው ተገደለ፤ ሕዝቡ እርስ በርስ ተካካደ፤ ላም እንዲያርዱ ታዘዙ፤ አላህም የደበቁትን አወጣው። ዛሬ ተአምር አንጠብቅም። አስከሬን ግን ምልክቱን ለሚያነብ ሐኪም አሁንም ይመሰክራል። ሙያው ፎረንሲክ ፓቶሎጂ ይባላል።

የዚህ ሙያ ሐኪም ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የሞቱ ምክንያት ነው፦ ሰውየውን ለሞት ያበቃው በሽታ ወይም ጉዳት ምንድን ነው? ሁለተኛው የአሟሟቱ ሁኔታ ነው፦ የተፈጥሮ ሞት ነው፣ አደጋ ነው፣ በራሱ እጅ ነው፣ በሰው እጅ ነው ወይስ ሊታወቅ አልቻለም? ስለዚህ «ልቡ ቆሞ ሞተ» የሚል ወረቀት ሲሰጠን መልስ አገኘን ብለን አንሂድ። ልቡ ሳይቆም የሚሞት ማን አለ? ጥያቄው ልቡን ያቆመው ምንድን ነው የሚል ነው።

ደም መዘዋወሩን ሲያቆም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይወርድና ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ መሳይ ቀለም ይሠራል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ አስከሬኑ ቢገለበጥም ቀለሙ ያለበት ይቀራል። በጀርባው ተኝቶ የተገኘ ሰው ቀለሙ ደረቱ ላይ ከረጋ፣ ከሞተ በኋላ ያንቀሳቀሰው አለ ማለት ነው። ጥይትም እንዲሁ ነው። ከቅርብ ከተተኮሰ ቁስሉ ዙሪያና ልብሱ ላይ ጥላሸትና የባሩድ ፍንጣሪ ይተዋል። «ሲሸሽ ከሩቅ ተመታ» የሚለውን ቃል ሊያፈርስ የሚችለው ይኸው ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ደግሞ በውሃና በሳሙና ይለቃል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣው። ከሐኪሙም ከዳኛውም በፊት ገላውን የሚያየው አጣቢው ነው። አጣቢ ያየውን ነውር እንዲሸፍን ተምረናል፤ ትክክል ነው። የግፍ ቁስል ግን የሟቹ ነውር አይደለም፤ የሟቹና የወራሾቹ ሐቅ ነው። ይህን ዝም ብሎ ማጠብ ሰትር ሳይሆን ማስረጃ ማጥፋት ነው። በሌላ በኩል አጣቢው «ተደብድቧል» ብሎ ለመፍረድም መቸኮል የለበትም። ያ የረጋ ደም ቀለም ለዓይን ሰንበር ይመስላል፤ ሐኪም ግን ቦታውን ሰንጥቆ ደሙ ወደ ሥጋው መፍሰስ አለመፍሰሱን አይቶ ይለያቸዋል። በውሸት የተጠረጠረ ሰውም ሐቅ አለው። ጥልቅ ሰንበር ደግሞ አንዳንዴ ከሞት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው ወደ ቆዳው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ደግሞ ማየት ያስፈልገኛል ቢል አንቆጣ።

ቤተሰብ የሚጠይቀው መብት አለው። የተባበሩት መንግሥታት በ1991 ያወጣውና በ2016 የተሻሻለው የሚኒሶታ ፕሮቶኮል የሚባለው መመሪያ፣ የሟች ቤተሰብ በምርመራው ላይ የሚገኝ የራሱን ሐኪም እንዲወክልና ውጤቱ እንዲነገረው ይላል። መንገዱ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። በአገራችን ለረጅም ዓመታት የአስከሬን ምርመራ ሲባል ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ማለት ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ጀናዛ ጉዞው፣ ወጪውና መዘግየቱ በሐዘንተኛ ላይ ሌላ ሐዘን ነው። ጀመዓው ገንዘብ የሚያዋጣው ለዚህም ይሁን።

ተቀብሮ ያለቀ ሁሉ ተረስቶ ይቀራል ማለትም አይደለም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት ምርመራ ባለሙያዎች ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲከፍቱ፣ ከዓመታት በኋላ በአጽሞቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ አግኝተዋል። ሥጋው አፈር ሆኖ ገመዱ ቆየ።

ስለዚህ የየመስጂዱ ጀናዛ ኮሚቴ አጣቢ ወንድሞችንና እህቶችን፣ ከጀመዓውም ሐኪም ወይም ነርስ የሆነውን፣ ከመጪው ጁምዓ በኋላ አንድ ላይ ያስቀምጣቸው። አጠራጣሪ ጀናዛ ሲመጣ ቤተሰብ ሳይወስን ውሃ አይነካው። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ፎቶ የሚነሳ ከሆነ በቤተሰብ ፈቃድ፣ ዐውራው ተሸፍኖ፣ ከቁስሉ አጠገብ ማስመሪያ ተቀምጦ ይነሳ፤ ፎቶውም ለሕግ ሰው እንጂ ለፌስቡክ አይሰጥ። ልብሱ አይታጠብ፣ አይቃጠል። ጥላ ውስጥ ደርቆ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ ይሻግታል።