ባንዲራው ይውረድ፣ መብራቱ ለመንገዱ ይሁን

ውድ የቀበና ነዋሪዎች፤

ሰሞኑን በዕድር ስብሰባም ሆነ በቡና ላይ አንድ ሐሳብ ሲብላላ ሰንብቷል። ይኸውም በማኅበራችን ግቢ ያለው ሰንደቅ ዓላማ ማታ ሳይወርድ እንዲያድር፣ ለዚህም የሶላር ባውዛ እንዲተከልለት መዋጮ ይሰብሰብ የሚል ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ወገኖች ለአገር ክብር ተቆርቋሪ መሆናቸውን አንጠራጠርም። ሆኖም ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ነገሩ ከሥሩ ቢታይ ይበጃል ብለን ስለምናምን የበኩላችንን እንሰነዝራለን።

በመጀመሪያ ልማዱን እንመልከት። በአገራችን ባንዲራ ጧት ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል። ይህን ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረበትን ጊዜ ታላላቆቻችን ዛሬም ያስታውሱታል። የሰንደቅ ዓላማን አያያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 654/2001ም የወጣው ይኸው ክብር እንዲጠበቅ ነው። ሌሊት አብርቶ ማሳደር በሰፊው የሚታወቀው በአሜሪካ ሲሆን፣ በዚያ አገር ደንብ ባንዲራ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ይሰቀላል፤ ማደር ካለበት ግን በሚገባ ሊበራለት ያስፈልጋል። በባልቲሞር የሚገኘው የማክሄንሪ ምሽግ ባንዲራ ቀንም ሌሊትም እንዲውለበለብ በ1948 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንቱ ተወስኗል። ሕንድም በ2022 እ.ኤ.አ. ዜጎች በየቤታቸው ሌሊትም እንዲሰቅሉ ፈቅዳለች። ለእነሱ ይመቻቸው። እኛ ግን ማውረዱ ራሱ አክብሮት ነው ተብለን ያደግን ነን።

ሶላሩ አይሠራም ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 10 ዋት የኤል ኢ ዲ ባውዛ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢበራ 120 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። በበጋ ጠንካራ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ይገኛል ብለን ብናሰላ 24 ዋት ፓኔል ይበቃል፤ የሚባክነውና የሐምሌና የነሐሴ ደመና ሲታሰብበት ግን ከ60 ዋት ያላነሰ መግዛት ይሻላል። ለሁለት ሌሊት እንዲበቃ ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት፣ እሱ ከሆነ 40 ይሁን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፓኔሉ ጥቂት ዘንበል ብሎ ወደ ደቡብ ይዙር። የባሕር ዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት፣ አቧራና የወፍ ኩስም እንዳይጋግርበት መጠንቀቅ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ጨርቁ ላይ ነው። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት ከእንጦጦ በሚወርደው ነፋስና ዝናብ ሲመታ የሚያድር ባንዲራ ቶሎ ይነጣል፣ ጫፉም ይተለተላል። በተቦጫጨቀ ባንዲራ ላይ ባውዛ መትከል እኮ ጉድን አጉልቶ ማሳየት ነው! የሚያወርደው ሰው ስለ ጠፋ መብራት እንትከል ከተባለማ፣ ፓኔሉን የሚጠርገው፣ ባትሪውንስ የሚያየው ከየት ሊመጣ ነው?

ሌላው ቁም ነገር ጨለማው ያለበት ቦታ ነው። ከአራት ኪሎ በቀበና አልፎ ወደ መገናኛ የሚወስደው ዋና መንገድ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት መብራት አግኝቷል። ወደ ወንዙ የሚወርደው የውስጥ መንገዳችን ግን አሁንም ጨለማ ነው። የማታ ተማሪው፣ ከሥራ አምሽታ የምትገባዋ እኅታችን፣ ሌሊት ለኪዳን የሚነሡት እናቶች ቁልቁለቱን በስልክ መብራት እየዳበሱ ነው የሚወርዱት። ያው ፓኔል፣ ያው ባትሪ፣ ያው ባውዛ ለእነሱ ቢዞር ምን አለበት?

ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. ባንዲራው ዘወትር ማታ በ12 ሰዓት ይውረድ፤ ወጣቶቻችን በተራ ያውርዱት፣ አጥፈውም ከደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

2ኛ. የታሰበው መዋጮ ይሰብሰብ፤ ባውዛው ግን በግቢው በር ላይ፣ ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ይተከል።

3ኛ. ለጥገና በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ፤ ከሠፈሩ ልጆች ሁለቱ ሙያውን ይማሩ። በሰሜን ሸዋ በሬማና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ ቤቶች ሶላር ሲገባላቸው ጥገናውን የሚችሉ ባለሙያዎችም አብረው ሠልጥነዋል። ዕቃውን ዕድሜ የሚሰጠው ይኸ ነው።

4ኛ. ሥራው በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ በሚውለው የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይጀመር። ጧት ባንዲራው በክብር ይሰቀል፤ ማታ ሲወርድ መብራቱ ይብራ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ወጪው ለሁላችን ሲከፋፈል ቀላል ነው። ባንዲራ የሕዝብ ምልክት ነውና ሕዝቡ ሳይደናቀፍ ቤቱ ሲገባ ባንዲራውም ይከበራል። የተለየ አሳብ ያለው ወገን ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተወያይተን እንወስናለን።