«ለቪዛ ነው» ብለን የምንገዛው ኢንሹራንስ

ኤምባሲ ይዛችሁት የምትሄዱት ፎልደር ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች። በባንክ ስቴትመንቱና በሆቴል ቡኪንጉ መሃል የምትገባዋ። ቢሮ ሄዳችሁ «ለሸንገን ነው» ትላላችሁ፣ ፓስፖርት ትሰጣላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ታትማ ትወጣለች። «ትራቭል ኢንሹራንስ» ይላል ርዕሷ። እስከ መጨረሻው ያነበባት ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላነበብኳትም ነበር።

ሐምሌ 2015 ላይ ጀርመን አገር የሁለት ሳምንት ሥልጠና አግኝቼ ቪዛው ወጣልኝ። ቲኬቱ የተቆረጠው ለእህቴ በወጣላት እቁብ ነው። የመረጥነውም ርካሹን፣ ገንዘቡ የማይመለሰውን። በረራው ነሐሴ 9 ከቦሌ ነበር። እናቴን ሳልሰናበት አልሄድም ብዬ መርጡለ ማርያም ገባሁ።

ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከእኛ አገር አዲስ አበባ ለመግባት ጉንደወይንን፣ ቢቸናን፣ ደጀንን አልፎ አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ነው። በዚያ ሰሞን መናኸሪያው ውስጥ የቆመ መኪና እንጂ የሚወጣ አልነበረም። ዳታም የለም። ፍልሰታ ስለነበር እናቴ ከቅዳሴ መልስ በየቀኑ «ምን አሉህ?» ትለኛለች። ማን ምን ይለኛል? ስልኬ ፎቶ ማያ ብቻ ሆኗል። ነሐሴ 9 መጣ፣ አለፈ።

አዲስ አበባ የደረስኩት ጳጉሜን ውስጥ ነው። ሻንጣዬን እንኳ ሳላሳርፍ ኢንሹራንሱን የገዛሁበት ቢሮ ሄድኩ። የቲኬቱን ገንዘብ ይመልሱልኛል ብዬ ነው እንግዲህ። ልጅቷ ወረቀቴን አየት አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሕክምና ነው። እዚያ ደርሰህ ብትታመም ነበር» አለችኝ። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን እውነቷን ነው።

የሸንገን ቪዛ ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ነው። ለምን? ለድንገተኛ ሕክምና፣ ለሆስፒታል፣ በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር ለመመለስ። ኤምባሲው የሚጨነቀው እዚያ ሄደን የማንከፍለው የሆስፒታል ዕዳ እንዳንተው ነው፤ የእህቴ እቁብ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ «ለቪዛ» ሲባል የሚሸጥልን ርካሹ ውል ብዙውን ጊዜ የጉዞ መሰረዝ ሽፋን የለውም። ያ ብቻውን የሚቆም ሌላ ነገር ነው፤ የሚገኘውም ዋጋው ከፍ ካለው ፓኬጅ ጋር ነው።

እና እሱን ብገዛስ ኖሮ? ብዬ የዚያን ፓኬጅ ውል ለምኜ ወሰድኩ። የመሰረዝ ሽፋን ከመነሳታችሁ በፊት ጉዞው ሲቀር ያልተመለሰላችሁን ክፍያ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ይተካል። ግን በማንኛውም ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቶቹ ተዘርዝረዋል። እናንተ በጠና ስትታመሙ፣ አደጋ ሲደርስባችሁ፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞት፤ ያውም በሐኪም ወረቀት ወይም በሞት ማስረጃ። ሐሳብ መቀየር የለበትም። ቪዛ መከልከልም አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ አንዳንዱ የክልከላውን ደብዳቤ ስታመጡ የከፈላችሁትን ዓረቦን ይመልሳል እንጂ ቲኬቱን አይነካም። ቀጥሎ «የማይሸፈኑ» የሚለው ገጽ ይመጣል፦ ጦርነት፣ ሕዝባዊ ዐመፅ፣ የመንግሥት ክልከላ። ማለትም የኔ ነሐሴ።

በዚህ ላይ ከራሴ ጋር ብዙ ተሟግቻለሁ። ለድርጅቶቹ መናገር ካለብኝ፣ ምክንያታቸው ይገባኛል። ኢንሹራንስ የሚሠራው ከብዙዎች መሃል ጥቂቶች ሲጎዱ ነው። መንገድ ሲዘጋ ግን ሁሉም ባንድ ቀን ይሰለፋል። ኮሮና ሲገባም በዓለም ዙሪያ ብዙ ድርጅቶች «ወረርሽኙ ከታወቀ በኋላ የገዛ አይካስም» ብለዋል፤ ቤት እየተቃጠለ የእሳት መድን አይሸጥም። አሜሪካ ውስጥ «በፈለግኩት ምክንያት ልሰርዝ» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ እሱም ቶሎ ካልተገዛ አይሰጥም፣ ሲከፍልም ከወጪው ከፊሉን ነው።

የማይገባኝ ዝምታው ነው። ለአንድ የጎጃም ልጅ ከኩላሊት ጠጠር ይልቅ የሚያሰጋው አባይ በረሃን መሻገሩ እንደሆነ ሻጩ ያውቃል። ታዲያ የማይሸፍነው ነገር በአማርኛ፣ በሦስት መስመር፣ በስልክ እንኳ እንዲነበብ ሆኖ የፊት ገጹ ላይ ቢጻፍ ምን ይጎዳዋል? እኔ ባውቅ ኖሮ ትንሽ ጨምሬ ቀኑ የሚቀየር ቲኬት እገዛ ነበር። መንገደኛን ከመንገድ መዘጋት የሚያድነው ይሄ ነው፤ ኢንሹራንሱ አይደለም።

ነገሩ አሁን ብሷል። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ላይ የኢትዮጵያውያንን የቪዛ ማመልከቻ መልስ መጠበቂያ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ቲኬት ቀድሞ የቆረጠ ሰው ከመክፈሉ እስከ መነሳቱ ያለው ጊዜ ረዘመ ማለት ነው፤ በዚያ መሃል ስንት ነገር ይመጣል። የመሰረዝ ሽፋን የምትገዙ ከሆነ ከዚያው ከከፈላችሁበት ቀን ጀምራችሁ ግዙት። የሕክምናው ስትነሱ ይጀምራል፣ የመሰረዙ ግን ከተገዛበት ጊዜ ነው የሚቆጠረው፤ በዋዜማው ቢገዙት ምን ሊጠብቅ።

ሌላ ከእኔ ኪሳራ የተማርኩት፦ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ደውሎ «አልመጣም» ያለ ተጓዥና ዝም ብሎ የቀረ ተጓዥ እኩል አይታዩም። የቀረው ተጨማሪ ቅጣት አለበት፣ አንዳንዴ የመልሱ ቲኬትም አብሮ ይሰረዛል። እኔ መደወያ ኔትወርክ አልነበረኝም። ግን የቡኪንግ ቁጥሬን አዲስ አበባ ላለ ሰው ትቼለት ብሄድ ኖሮ እሱ ይደውልልኝ ነበር። ካልተበረረበት ቲኬት ላይ የኤርፖርት ታክሱ የሚመለስበት ጊዜ እንዳለም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ጠይቄ ትንሽ አገኘሁ፣ ለእህቴ ሰጠኋት። «ይሄ ነው እቁቡ?» ብላ ሳቀች።

ባለፈው ወር የአክስቴን ልጅ ይዤ ኢንሹራንስ ልንገዛ ሄድን። «የጉዞ መሰረዝ አለው?» አልኩ። ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ፣ ወደ ጓደኛው ዞረ፣ ጓደኛው ወደ ኮምፒውተሩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሙሉ ውሉ ታተመልን፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ገብተን ከመጨረሻው ገጽ ጀመርን።